“አለቀ እንዴ?” ሆኪ ለማየት ቶሮንቶ የተገናኙት ጥንዶች ታሪክና ለእናንተ የሚሆን ምክር

በዛሬው ዓምዳችን ከወትሮው ራቅ ወዳለ አገር ይዘናችሁ እንሄዳለን። የምንሄደው ወደ ካናዳዋ ቶሮንቶ ነው። “ደግሞ እዚያ ምን ልንሠራ?” ትሉ ይሆናል። ሆኪ ልናይ፣ ሁለት ቀን ልንዝናና፣ ከዚያም ሳንጣላ ልንመለስ ነው። የመጨረሻዋን ነገር ያለ ምክንያት አላነሳናትም። ቆይተን እንመጣባታለን።

መቼም ዛሬ ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ ያለው የከተማ ሰው ብዙ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ወደዚያች ከተማ ይበራል። ለጉብኝት የሄደውም፣ ለትምህርት የሄደውም፣ ኑሮውን እዚያው የመሠረተውም አንድ ቀን “ሆኪ አይተህ ታውቃለህ?” መባሉ አይቀርም። ሆኪ ለእነሱ እግር ኳስ ለእኛ እንደሆነው ነው። ቅዳሜ ማታ ሲመጣ ቡና ቤቱም ሳሎኑም ቴሌቪዥን ከፍቶ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አስቀድመን እናስተካክል። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። እኛ ገናንና ጥምቀትን በፀሐይ ስናከብር እነሱ ከደጃፋቸው በረዶ ይዝቃሉ። የሆኪው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። ብርዱ የሚበረታው ግን በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው። “ክረምት ላይ እመጣለሁ” ብላችሁ ሐምሌ ላይ ብትደርሱ የምታገኙት ፀሐይ እንጂ ሆኪ አይደለም!

የሁለቱ ልጆች ነገር

ታሪኩን ያጫወተችን ልጅቷ ናት። ስሟን አንጠቅስም። የሚያውቋት እንዳያውቋት አንዳንድ ነገር ሸፋፍነናል።

ሁለቱም የአዲስ አበባ፣ ያውም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። እሱ ቶሮንቶ ገብቶ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። እሷ ደግሞ ለትምህርት ኦታዋ ከገባች ገና ዓመቷ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ፍቅራቸው አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እሱ፣ “ቅዳሜና እሁድን ነይና ከተማውን ላሳይሽ፤ ሆኪም አስገባሻለሁ” አላት። እሷም “እሺ” አለች። ስለ ሆኪ የምታውቀው ነገር ቢኖር በቴሌቪዥን ሲደባደቡ ማየቷ ብቻ ነበር። ወደኋላ ስትነግረን ግን እሱም ከእሷ የተሻለ አያውቅም ነበር!

በዚያው ሰሞን እቁብ ደረሰው። ሁለት ቲኬት፣ ያውም ከታችኛው ረድፍ፣ ገዛ። ዋጋውን አልነገራትም። እሷ ደግሞ ለቦሌ መንገድ የሚያምር ስስ ጫማ አድርጋ አምስት ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ተጉዛ ደረሰች። እሱ ፎቶ እንነሣ ብሎ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ወሰዳት። ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ እንኳን ስስ ጫማን የበግ ለምድንም ይበሳል። እግሯ ደነዘዘ። ግን አልተናገረችም።

አዳራሹ ከገቡ በኋላ ዳቦ በቋሊማ ገዝቶ ሰጣት። ጊዜው የገና ጾም ነው፤ እሷ ደግሞ ጿሚ ናት። “ከፍሎበታል፣ እንዴት እምቢ እላለሁ ብዬ አፈርኩ” ትላለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣው ቀዘቀዘ። ኋላም ቀስ አድርጋ ከወንበሩ ሥር ሸጎጠችው። እሱ ይህንን አይቷል። አይቶ ግን ዝም አለ፤ “ንቃኝ ነው” ብሎ በሆዱ ያዘ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሃያ ደቂቃ ተጫወቱና እረፍት ሆነ። ተመልሰው ሌላ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። ውጤቱ 2 ለ 2። ፊሽካው ተነፋ፤ ተጫዋቾቹ ወጡ፤ ሕዝቡም ተነሣ። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት ነው? እሷ “አለቀ እንዴ?” ስትለው እሱ ፈርጠም ብሎ “አለቀ! አቻ ወጡ” አላት። ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ።

የምድር ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሰማያዊ ማልያ የለበሰ አንድ ጎረምሳ ስልኩ ላይ አፍጥጦ “ገባ!” ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ወደ ስልኩ አዩ። ያ ይመለከቱት የነበረው ጨዋታ እየተካሄደ ነው! ሆኪ ሦስት ክፍለ ጊዜ እንዳለው ያወቁት ያኔ ነው። እየሮጡ ተመለሱ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ግን አንዴ የወጣ ተመልሶ እንደማይገባ ነገራቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። “አንቺ ነሽ ያስቸኮልሽኝ!” “አለቀ ያልከው አንተ አይደለህ?” “የወር የቤት ኪራዬን ነው ያወጣሁብሽ!” “አውጣልኝ ብዬሃለሁ?” ቀዝቃዛው ጫማም፣ ቋሊማውም፣ እቁቡም አንድ ላይ ወጣ። እሷ ዘመዷ ቤት አድራ እሁድ በጧት ወደ ኦታዋ ተመለሰች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ አልተደዋወሉም።

ከቲኬቱ በፊት ንግግር

እንግዲህ ፍረዱ! እነዚህን ልጆች ያጣላቸው ሆኪ ነው? አይደለም። ያጣላቸው ይሉኝታ ነው። እሱ ገንዘብ እንደሌለውና ጨዋታውን እንደማያውቅ ደበቀ። እሷ ደግሞ ብርዱንና ጾሟን ደበቀች። ሁለቱም ለመከባበር ብለው ተደባበቁ። በመጨረሻው ግን ተዘላለፉ።

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” እንደሚባለው ከቲኬቱ መነጋገር ይቅደም። ፍቅረኛ ይሁን፣ ጓደኛ ይሁን፣ ከአገር ቤት የመጣ ወንድም ይሁን፣ ቲኬት ሳይቆረጥ ሦስት ጥያቄዎች በግልጽ ይነሡ።

አንደኛ፦ ስንት ብር አለን፣ ማንስ ምኑን ይከፍላል? “እኔ እችላለሁ” ብሎ ነገር የለም። ተጋባዥ የሆነ ሰው “ምሳው በእኔ” ማለት ይችላል፤ ጋባዥም ይህንን ሲሰማ ክብሩ እንደተነካ አይቁጠረው። ለአንድ ማታ ጨዋታ ብሎ መበደር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛ፦ እኔ ማየት የምፈልገው ምንድን ነው፣ አንተስ? ጨዋታው የሚወስደው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን 48 ሰዓት አለው። የቀረውን ጊዜ ማን ያቅደው?

ሦስተኛ፦ ማደሪያው የት ነው? ይህችኛዋ የምታሳፍር ጥያቄ ናት፤ እናውቃለን። ያልተነገረች እንደሆነ ግን ሁለቱም በየልባቸው የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዘመድ ቤት ከሆነ ለዘመድ ቀደም ብሎ መንገር፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገባም ማስታወቅ ጨዋነት ነው። ሆቴል ከሆነ ደግሞ ከአዳራሹ አጠገብ ያሉት በጨዋታ ሰሞን እሳት ናቸው፤ ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ በምድር ባቡሩ መስመር ላይ ያለውን መፈለግ ኪስን ያድናል።

የትኛው ጨዋታ?

ቶሮንቶ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቡድን ሜፕል ሊፍስ ነው። ሜዳው ስኮሺያባንክ አሬና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤር ካናዳ ሴንተር በሚል ስም ተከፈተና በ2018 የአሁኑን ስሙን ያዘ። ለሆኪ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የቡድኑ ደጋፊ እንደ እኛ የኳስ ደጋፊ ነው፤ እየተናደደ ይወዳል። ስታንሊ ካፕ የሚባለውን ትልቁን ዋንጫ 13 ጊዜ ያነሡ ቢሆንም ለመጨረሻ ጊዜ ያነሡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው! ይህም ሆኖ ቲኬቱ በሊጉ ውስጥ በጣም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከጣሪያው ሥር ያለው የመጨረሻው ረድፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ከ100 የካናዳ ዶላር አልፎ ይሄዳል።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ሆኪ አያይም ማለት ነው? ኧረ በጭራሽ! የከተማዋ አራዶች የሚያውቁት ሌላ በር አለ። ማርሊስ የሚባለው ቡድን የሜፕል ሊፍስ ታናሽ ወንድም ነው። የነገዎቹ ኮከቦች የሚያድጉት እዚያ ነው። የሚጫወተው ኮካ ኮላ ኮሊሲየም በሚባለው፣ 8 ሺህ ገደማ ሰው በሚይዘው አዳራሽ ነው። አዳራሹ አነስ ስለሚል ርካሹ ቦታ ላይ ብትቀመጡም የበረዶ መንሸራተቻው ጫማ ሲፋጭ ይሰማችኋል።

በዚሁ አዳራሽ ሴፕተርስ የተባለው የሴቶች ቡድንም ይጫወታል። የሴቶቹ የሙያ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 በዚህችው በቶሮንቶ ከተማ ነው። ቶሮንቶ በሜዳዋ በኒውዮርክ 4 ለ 0 ተሸንፋ ጀመረች። ሽንፈቱ ግን ማንንም አላስቀረም፤ በሚቀጥለው ወር በትልቁ አዳራሽ ባደረጉት ጨዋታ ከ19 ሺህ በላይ ተመልካች ገብቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ምክራችን በግልጽ ይኸው ነው፦ ከትንሹ ጀምሩ። ከወደዳችሁት በሚቀጥለው ዓመት እቁቡ ሲደርስ ትልቁ አይጠፋም።

ስለ አገዛዙ አንዲት ቃል። ቲኬቱ በወረቀት አይመጣም፤ ስልካችሁ ላይ ነው የሚገባው። መንገድ ዳር ቆሞ “ቲኬት፣ ቲኬት” ከሚል ሰው፣ ወይም “ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ” ከሚል የማታውቁት ሰው አትግዙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። የክለቡን ራሱን መሸጫ ተከተሉ። ከቤት ስትወጡም የስልኩን ባትሪ ሙሉ። ስልኩ ከሞተ ቲኬቱም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

ሰዓቱም እንዳያሳስታችሁ። የቅዳሜ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው እነሱ 7 ሰዓት በሚሉት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ “በሰባት ሰዓት እንገናኝ” ብላችሁ ብትቀጥሩት ከቀትር በኋላ መጥቶ ስድስት ሰዓት በብርድ ይጠብቃችኋል!

የብርዱ ነገር

በጥር ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ መሆኑ የተለመደ ነው። ክፉ ቀን የገጠማችሁ እንደሆነ ከዜሮ በታች 15ና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩን ባታውቁት ይሻላል።

ፋሽን የሚባለውን ነገር ለሁለት ቀን አስቀምጡት። ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ቦት ጫማ፤ ከውስጥ የሱፍ ካልሲ፤ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፤ ጓንት፤ አንገት ልብስ። ከላይ አንድ ወፍራም ልብስ ከመደረብ ሦስት ቀለል ያሉ ልብሶች ደራርቦ ማድረግ ይሻላል። ምክንያቱም ባቡሩ ውስጥ ሙቀት፣ ውጭ ብርድ፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ መካከለኛ ስለሆነ እያወለቁ እየለበሱ መሄድ ያስፈልጋል። ለእንግዳ ውድ ካፖርት ግዛ አንልም፤ ተዋሱ! ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ሁሉ ትርፍ ካፖርት አያጣም። ጋባዥ የሆናችሁ ደግሞ እንግዳው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ “የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?” ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ከስንት “እወድሻለሁ” ትበልጣለች።

ደግነቱ ከተማዋ ራሷ መላ አበጅታለች። በመሃል ከተማው ከመሬት በታች ፓዝ የሚባል፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የእግረኛ መንገድ አለ። ዩኒየን ከሚባለው ዋና የባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ ወደ አዳራሹም፣ ወደ ሆኪ ሙዚየሙም፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አካባቢም ነፋስ ሳያገኛችሁ ትደርሳላችሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያውም ባቡሩ በ25 ደቂቃ እዚሁ ዩኒየን ያወርዳችኋል። ብቻ ፓዝ ውስጥ መንገድ መጥፋት ቀላል ነው፤ በቅዳሜና እሁድ ደግሞ አብዛኞቹ ሱቆች ይዘጋሉ። ምልክቶቹን እያያችሁ ሂዱ።

ቅዳሜን እንዴት እናውለው?

ጧት ከመንጋቱ አትሩጡ። ማታ ጨዋታ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ አይተናል። ሁለት ቦታ ይበቃል።

ጠዋት ላይ ሴንት ሎውረንስ ገበያ መሄድ ይቻላል። አይብ፣ ዓሣ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ የሌለ የለም። ከዚያ በእግር ጥቂት ሄድ እንዳላችሁ፣ ያንግና ፍረንት የተባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ላይ፣ የሆኪ ዝነኞች ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ለባንክ የተሠራ ያማረ ሕንፃ ነው። ሎርድ ስታንሊ የተባሉት የካናዳ ጠቅላይ ገዢ እ.ኤ.አ. በ1892 የሰጡት የመጀመሪያው ዋንጫ፣ ያችው ትንሿ የብር ሳህን፣ እዚያ ካዝና ውስጥ ተቀምጣለች።

ይህንን ቦታ ያነሣነው ለዋንጫው ብቻ አይደለም። ብዙ ልጆች “ሆኪ የእነሱ ነው፤ እኛን አይመለከትም” ሲሉ ሰምተናል። እዚያ ገብታችሁ ስሞቹን ተመልከቱ። ዊሊ ኦሪ የሚባል ጥቁር ካናዳዊ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ተሰልፎ በትልቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ያውም አንዱ ዓይኑ አያይም ነበር! ሙዚየሙ ስሙን ከዝነኞቹ ጋር ያሰፈረው በ2018 ነው፤ 60 ዓመት ፈጀ። ኸርብ ካርኔጊ የተባለው ከጃማይካ ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደ ተጫዋች ደግሞ ተሰጥኦው እየታወቀ ቀለሙ በሩን ዘግቶበት ትልቁን ሊግ ሳያይ ቀረ። ስሙ የሰፈረው ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። የቶሮንቶዋ ልጅ አንጄላ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። ይህንን አውቆ ማታ አዳራሽ የገባ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

ምሳውን ዘግየት አድርጉና ወደ ዳንፎርዝ መንገድ፣ ግሪንዉድ ጣቢያ አካባቢ በምድር ባቡር ሂዱ። እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉላችሁ። የካርድ ተጠቃሚ አንድ ጊዜ የከፈላት ከ3 ዶላር ትንሽ ከፍ የምትል ሒሳብ ለ2 ሰዓት ታገለግለዋለች። በጾም ከሆነ የጾም በያይነቱን፣ በፍስክ ከሆነ ጥብሱን እየበላችሁ ብርዱን እርሱት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ምግብ በአብዛኛው ሥጋና አይብ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም፤ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው። ጠግቦ መግባት ብልህነት ነው። ትልቅ ቦርሳም አይገባም። ጥሬ ገንዘብም አይቀበሉም፤ ካርድ ያዙ።

ከዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በሩ አካባቢ ሁኑ። ቶሎ የገባ ሰው ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ያያል። ብዙ ሰው ከጨዋታው እኩል የሚወደው ይህንን ነው።

ጨዋታውን እንወቀው

የሚገርማችሁ ነገር ሆኪን ከማንም ይበልጥ ቶሎ የሚረዳው ሐበሻ ነው። ለምን ቢሉ ገናን ያውቃላ! ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ የምትመታ ትንሽ ነገር፣ ሁለት ጎራ፣ ግፊያ፣ ጩኸት። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም እንደሚባለው፣ እዚህም ትከሻ ለትከሻ መጋጨት የጨዋታው ወግ ነው። ልዩነቱ ጥንጓ ፈንታ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ጎማ መሆኗና ሜዳው በረዶ መሆኑ ነው። ፓኳ 170 ግራም ገደማ ብትመዝንም ስትመታ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ልትከንፍ ትችላለች። ስለዚህ ዓይናችሁን ከሜዳው አትንቀሉ።

ሜዳው 61 ሜትር ይረዝማል፤ 26 ሜትር ይሰፋል። በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት ከበረኛው ጋር 6 ናቸው። በየ45 ሰከንዱ ገደማ ጨዋታው ሳይቆም እየተቀያየሩ ስለሚገቡ “አሁን የት ሄደ?” ብላችሁ አትደናገጡ።

አሁን ዋናውን ነገር አስምሩበት፦ ክፍለ ጊዜው ሦስት ነው! እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ 18 ደቂቃ ገደማ እረፍት አለ። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም 60 ደቂቃው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። በእረፍት ላይ ዛምቦኒ የምትባለው መኪና ወጥታ በረዶውን ታለሰልሳለች። ፍራንክ ዛምቦኒ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 የፈለሰፋት ናት። ከሁለተኛው እረፍት ላይ ስትወጣ ካያችኋት ገና 20 ደቂቃ አለና ተቀመጡ!

በመደበኛው ወቅት አቻ የሚባል ፍጻሜም የለም። 60 ደቂቃው በአቻ ካለቀ ሦስት ለሦስት ሆነው 5 ደቂቃ ይጨመራል፤ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል። ያም ካልሆነ እንደ እግር ኳሱ ፍጹም ቅጣት ምት ተራ በተራ ይሞክራሉ።

ኦፍሳይድም አለ፤ ፓኳ ሰማያዊውን መስመር ሳታልፍ አጥቂ ቀድሞ ከገባ ይነፋል። ጥፋት የሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ 2 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቡድኑ በአንድ ሰው ጎዶሎ ይጫወታል። የተደባደበ 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ስታዲየሙ ከወንበሩ የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው።

ጥቂት የአዳራሽ ወግ ልብ በሉ። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ኮፍያ አውልቆ መቆም ነው፤ እንግዳው ቡድን ከአሜሪካ ከሆነ መዝሙሩ ሁለት ነው። ጨዋታ እየተካሄደ በደረጃ መውጣትና መውረድ ነውር ነው፤ ፊሽካ እስኪነፋ ይጠበቃል። አንድ ተጫዋች ሦስት ጎል ካገባ ተመልካቹ ኮፍያውን ወደ ሜዳ ይወረውራል። እናንተ ግን ተዉት፤ ወደ ቤት ስትመለሱ ጆሯችሁ ይፈልገዋል!

ከሁሉ በላይ የማታውቁትን ጠይቁ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ካናዳዊ ስለ ሆኪ ከጠየቃችሁት ደስታውን አይችለውም። አለማወቅ አያሳፍርም። ያሳፈረው እያላወቁ “አለቀ” ማለት ነው።

እሁድ

እሁድን ለእርጋታ ተዉት። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ይሳለማል፤ የምድር ባቡሩ ግን እሁድ ዘግይቶ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ እንደሚጀምር አስቀድማችሁ እወቁ። ከሰዓት በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ናታን ፊሊፕስ አደባባይ ላይ በረዶ መንሸራተቻ አለ። የራሱ ጫማ ያለው በነጻ ይገባል፤ የሌለው እዚያው ይከራያል። መውደቃችሁ አይቀርም። ወድቃችሁ ስትነሡ ግን ማታ ያያችኋቸው ልጆች ምን ያህል ጀግኖች እንደሆኑ ይገባችኋል። ለፍቅረኞችም ቢሆን ይህ ከአዳራሹ ይበልጣል፤ እጅ ለእጅ ካልተያያዙ መቆም አይቻልማ!

ከመለያየት በፊት ቡና ጠጡ። እዚያ ላይ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሁለቱ ቀናት ተጨዋወቱ፦ ምን ደስ አለሽ? ምን ከበደህ? ሌላ ጊዜ ምን እናስተካክል?

ልጆቹስ?

ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ የደወለችው እሷ ናት። “መጀመሪያ እኔ ልናገር” አለችና ጫማዋን፣ ጾሟን፣ ቋሊማውን ሁሉ ነገረችው። እሱም እቁቡንና ሆኪ አለማወቁን ተናዘዘ። መጨረሻው ላይ ሁለቱም ሳቁ።

በዓመቱ የካቲት ላይ ደግሞ ተገናኙ። በዚህኛው ጊዜ የማርሊስን ቲኬት የገዛችው እሷ ናት፤ ምሳው የእሱ ነበር። ቦት ጫማም ከአክስቱ ልጅ ተውሶ ጣቢያው ድረስ ይዞላት መጣ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ፊሽካው ተነፋ፤ ሕዝቡም ተነሣ። እሷ ዞር ብላ “አለቀ እንዴ?” አለችው። እሱ መልስ አልሰጠም። አጠገባቸው ወደተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ጠየቀ።

“አዎ ልጄ፣ አሁን አልቋል” አሉት እየሳቁ።

ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!